በዝናሽ ቤት ያስተረጎምኩት ፊልም

ዝናብ በጣለ ቀን ብርቱካን አይለቀምም። እርጥቡ ሳጥን ውስጥ ከገባ ይሻግታል። ስለዚህ ሐደራ በተባለችው የእስራኤል ከተማ፣ ኢንዱስትሪ ዞን ያለው የብርቱካን ማሸጊያችን ዶፍ በወረደ ቁጥር በሩን ይዘጋና እኛን ሠራተኞቹን ወደ ቤታችን ይሸኘናል። ይህ የማወጋችሁ ነገር የደረሰብኝ እንዲህ ባለ ቀን ነው። ያን ቀን ዝናብ ባይጥል ኖሮ ምናልባት እስከ ዛሬም ሳላውቅ እኖር ነበር። አንዳንዴ እንዲያ ቢሆን ይሻለኝ ነበር እላለሁ። ኋላ ደግሞ ራሴን እቆጣለሁ።

ስሜ ትርንጎ ነው። ያኔ ሠላሳዎቹን የጀመርኩ፣ ልጅ ያልወለድኩ፣ አፌ የማያርፍ ሴት ነበርኩ። ከወገራ ተነሥተን በእግራችን ሱዳን ገብተን፣ ከዚያ ወደ እስራኤል ከመጣነው ቤተ እስራኤሎች ወገን ነኝ። ባል ነበረኝ፤ ሞላ ይባላል፤ ብረት ቀጥቃጭ ነው። ከተጋባን ብዙም ሳንቆይ አንድ ቀን ማረሻ ሊሸጥ ገበያ ወጣ። የደርግ ሰዎች ገበያውን ከበው ጎልማሳውን ሁሉ ለውትድርና አፈሱት። ወሬውን ስሰማ ቆሎ ቋጥሬ ሮጥኩ። ስደርስ የጫናቸው መኪና ተነሥቷል። ከላይ የታጨቀው ጭንቅላት ብቻ ነው የታየኝ። ከመካከሉ አንድ እጅ ተነሥቶ አውለበለበ። የሞላ እጅ ነው ብዬ አምኜ ተመለስኩ። የሱ ይሁን የሌላ ግን እስከ ዛሬ አላውቅም።

ክረምቱ ወጥቶ መንደሩ ወደ ሱዳን ሊነሣ ሲሰናዳ እኔ አልሄድም ብዬ እግሬን ተከልኩ። የሞላ ታላቅ ወንድም አያ ፈረደ ነው የነቀለኝ። "አንቺ ሂጂ። እኔ እዚሁ ቀርቼ እጠብቀዋለሁ። ሲመለስ ይዤልሽ እመጣለሁ" አለኝ። አደራውን ተቀበለ፤ እኔም አምኜው ሄድኩ።

ከዚያ በኋላ ያለው ኑሮዬ በአንድ ቃል ያልቃል፤ ጠበቅኩ። ቋንቋ ተማርኩ፣ ሐደራ ናሕሊኤል ሰፈር ቤት ተሰጠኝ፣ ማሸጊያው ገባሁ፤ ሁሉንም ያደረግኩት እየጠበቅኩ ነው። ቤት ስረከብ ቁም ሣጥኑን ለሁለት ከፍዬ ግማሹን ባዶ ተውኩለት። ኋላ ሽማግሎች መጥተው "ልጄ፣ ሰው ብቻውን አይኖርም፤ አንድ ደህና ሰው ጠይቆሻል" ሲሉኝ "ባል አለኝ እኮ!" ብዬ ጮህኩባቸው። እርስ በርስ ተያዩና ቡናቸውን እንኳ ሳይጨርሱ ወጡ። ሳይከራከሩኝ መሄዳቸውን ጨዋነት ብዬ ቆጠርኩላቸው።

ወገናችን ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን በመጣበት በሰለሞን ዘመቻ ጊዜ የሞላ አክስት እማማ አበቡ መጡ። አዲስ ገቢዎቹ ያረፉበት ሆቴል ድረስ ሄጄ ጉልበታቸውን ሳምኩ።

"ሞላስ?" አልኳቸው፤ ሰላምታውን እንኳ አላስጨረስኳቸውም።

"ደህና ነው።"

"መቼ ይመጣል?"

"ከፈረደ ጋር ይመጣል፣ ልጄ። ከፈረደ ጋር።"

ነጠላቸው ሲንሸራተት ራሳቸው ተላጭቶ አየሁ። "ምነው ፀጉርዎን?" ብላቸው፣ "ቅማል ነው፤ አዲስ አበባ ስንጠብቅ ቅማሉ አላስቀምጥ አለን" አሉኝ። አዝኜላቸው ወደ ቤቴ አመጣኋቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አብረን አንድ ገበታ ላይ በላን።

አንድ ክፉ ልማድ ነበረብኝ፤ መማል። ለትልቁም ለትንሹም እምል ነበር። "ሞላ ይሙት አልበላሁም! ሞላ ይሙት አውቶቡሱ አመለጠኝ!" እማማ አበቡ በሰሙ ቁጥር ፊታቸው ይጨማደዳል። "ኧረ በሱ አትማዪ" ይሉኛል። "ታዲያ በማን ልማል? ከሱ የሚበልጥብኝ ማን አለና!" ብዬ እስቅባቸዋለሁ። ይህንን ያዙልኝ።

ጋሊያ የሚሏት አንዲት ሩሲያዊት ነበረች፤ የተበላሸውን ብርቱካን የምንለቅምበት ማጓጓዣ ላይ ጎን ለጎን ነው የምንቆመው። በዕድሜ ትበልጠኛለች፤ ወፍራም፣ ቀይ፣ እንባዋ ቅርብ የሆነ ሴት ናት። የኔም የሷም ዕብራይስጥ ስብርባሪ ነው፤ ሁለታችንም ያለንን አዋጥተን እንግባባለን። የሞላን ነገር ከእናቴ ልጅ ይልቅ ለሷ ነግሬያታለሁ። እናቷ አባቷን በጦርነት ዘመን ጠብቃ ኖራለችና ይገባታል። በዚያ የዝናብ ቀን ከማሸጊያው በር ስንመለስ ክንዴን ያዘችኝ።

"ትሪንጎ" አለችኝ፤ ስሜን እንዲህ ነው የምትጠራው። "ዛሬ አቮዳ፣ ሥራ የለም። ሰፈርሽ ቪዲዮ ያለው ማን ነው? አንድ ፊልም ላሳይሽ። አሮጌ ነው፤ እኛ አገር ያላየው ሰው የለም።"

"ስለ ምንድን ነው?"

"ስለ ሚልሓማ። ሁለት ልጆች ይዋደዳሉ። ጦርነት ይመጣል። እሱ ይሄዳል፤ እሷ ትጠብቃለች።" ደረቴን በጣቷ ነካችኝ። "አንቺ ነሽ እኮ!"

"ይመለሳል?"

"ሳቭላኑት፣ ሳቭላኑት" አለች፤ ታገሺ ማለቷ ነው። ካሴቱን ልታመጣ ወደ ቤቷ በዝናቡ ሮጠች።

ቪዲዮ ያለው ከኔ በላይ ያለው ፎቅ፣ ዝናሽ ቤት ነበር፤ ልጇ ከውትድርና ሲወጣ ገዝቶላታል። ዝናሽ ጎረቤቴ ብቻ አይደለችም፤ የአንድ መንደር ልጆች ነን። "ፊልም ልናይ ነው፤ ሻይ ጣጂ" አልኳት። ስለ ምን መሆኑን ስነግራት እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ቆመች።

"የጦርነት ነው? ምነው፣ በዝናብ ቀን የጦርነት ፊልም? የህንድ አለልሽ እኮ፤ ዘፈን ያለው።"

"ጋሊያ በዝናብ ተደብድባ ያመጣችውን?"

"እሺ። እማማ አበቡን ግን ተያቸው፤ ያርፉ።"

ተያቸው የተባልኩትን አልተውኩም፤ ተፈጥሮዬ ነው። ወርጄ እማማ አበቡን ከአልጋቸው አስነሣኋቸው። "የፈረንጅ ፊልም ለኔ ምኔ ነው፣ ቋንቋውን አልሰማ" አሉኝ። "እኔ ምን ሠራሁ? ጋሊያ በዕብራይስጥ ለኔ ትነግረኛለች፤ እኔ ደግሞ በአማርኛ ለእርስዎ አስተረጉማለሁ" ብዬ በክንዳቸው ደግፌ ደረጃውን አወጣኋቸው። እላይ ስንደርስ ሁለት ሌሎች ጎረቤቶችም መጥተው ነበር። ሶፋው ላይ ተደረደርን። ጋሊያ እርጥብ ካፖርቷን አውልቃ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ወንበር ያዘች፤ እኔ ከሷና ከእማማ አበቡ መካከል መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

ፊልሙ ቀለም የለውም፤ ጥቁርና ነጭ ነው። አንድ ሸንቃጣ ልጅና አንዲት ዓይነ ትልቅ ልጃገረድ ከተማ ውስጥ ይሯሯጣሉ፣ ይሳሳቃሉ። ጋሊያ ትናገራለች፤ እኔ እቀበላለሁ። "ሊጋቡ ነው" አልኩ። "ጦርነት ተጀመረ" አልኩ። "ልጁ ተጠርቷል" አልኩ። ማስተርጎም ሲይዘኝ ደግሞ የራሴን እጨምራለሁ፤ ጋሊያ ሁለት ቃል ስትል እኔ ዐሥር አደርገዋለሁ። ባቡሩ ተነሣ። ልጅቷ ከመስኮት መስኮት እየሮጠች ትፈልገዋለች፤ አላገኘችውም።

"እዩልኝ!" አልኩ። "እንደኔው ናት! እኔም መኪናው ከተነሣ ነው የደረስኩት!"

ዝናሽ ሻዩን ልታይ ተነሣች። ሻዩ ግን ተቀድቶ ፊታችን ላይ ነበር።

ከዚያ ግንባሩ መጣ። ጭስ፣ ጭቃ፣ ግንዳቸው ብቻ የቀረ ዛፎች። ልጁ አንድ የቆሰለ ጓደኛውን ተሸክሞ ሲሄድ ተመታ፤ ቀስ ብሎ ወደቀ። ጋሊያ መሐረቧን አወጣች።

"ሁ ሜት" አለች።

"ሞተ" አልኩ፤ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ እማማ አበቡ ጆሯቸው ትንሽ ከበድ ይላልና።

ወዲያው ደግሞ ልጅቷ ታየች። ቤቷ ሆና ፀጉሯን ታበጥራለች። ደጁ በተንኳኳ ቁጥር ማበጠሪያውን ጥላ ትሮጣለች። ጋሊያ አፍንጫዋን እየጠረገች ነገረችኝ፤ እኔም ወደ ኋላ ዞሬ ለሁሉም አስረዳሁ።

"አያችሁ፣ እሱ ሞቷል። እኛ አውቀናል። እሷ ግን አታውቅም። አሁንም ይመጣል ብላ ትጠብቀዋለች።"

እኔ ደግሞ ፊልም ሳይ ዝም ብዬ ማየት አልችልም፤ ተዋናዮቹን መስደብ አለብኝ። ቴሌቪዥኑ ላይ ጮህኩ።

"ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው! ይቺ ልጅ ጎረቤት የላትም? ዘመድ የላትም? 'ልጄ፣ እርምሽን አውጪ' የሚላት አንድ ሰው እንዴት ይጠፋል? ሞላ ይሙት፣ እኔ ጎረቤቷ ብሆን አንድ ቀን አላሳድራትም ነበር! ሞላ ይሙት!"

"በቃሽ!" አሉ እማማ አበቡ።

እንዲያ ያለ ድምፅ ከሳቸው ሰምቼ አላውቅም። ነጠላቸውን ከራሳቸው ላይ ገፈው ደረታቸውን መቱ። "በቃሽ ልጄ! በሱ አትማዪ፤ ስለ ፈጣሪ በሱ አትማዪ!" ብለው አለቀሱ። እሳቸውን ተከትለው ሁለቱ ጎረቤቶች አለቀሱ። ዝናሽ ከማዕድ ቤቱ በር ላይ ቆማ አፏን በእጇ ይዛ አለቀሰች።

ጋሊያ ፊቷ በራ። ፊልሟ ልባቸውን የነካው መስሏት ነው። "አያችሁ፣ እንዲህ ነው፤ ሁሉም ሰው እዚህ ላይ ያለቅሳል" አለችና ለእማማ አበቡ መሐረብ ሰጠቻቸው። እኔም ሳቄ መጣ። "አይዞዎት እማማ፣ ፊልም እኮ ነው፤ ደግሞም የድሮ ነው፤ ሰዎቹ እውነት አልሞቱም" እያልኩ ጉልበታቸውን አሻሸሁ።

ያኔ ቀና ብዬ አየኋቸው። አንዳቸውም ቴሌቪዥኑን አያዩም። የሚያዩት እኔን ነው።

ፊልሙ እንደቀጠለ ነው። ልጅቷ አንድ ነገር ትናገራለች፤ የሚያስተረጉም ግን የለም። እኔ የእማማ አበቡን ራስ እያየሁ ነበር። ፀጉራቸው ከመጡ ወዲህ አድጎ ሸብቷል። እዚያ ሆቴል ያየሁት የተላጨ ራስ ነው የታየኝ። በእኛ አገር ሴት ራሷን መቼ እንደምትላጭ የማላውቅ ሰው አልነበርኩም። በሞተ ሰውም "ይሙት" ተብሎ እንደማይማል ልጅ ያውቃል።

"እማማ" አልኩ፤ "ቅማል አልነበረም አይደል?"

እጃቸውን አንሥተው ራሳቸውን ሸፈኑ።

ጋሊያ አሁን ገና ነገሩ አላምር አላት። ቴሌቪዥኑን አጠፋችና "ማ ካራ?" አለች፤ ምን ተፈጠረ ማለቷ ነው። አንድ ሰው ማስተርጎም ነበረበት፤ ከኔ በቀር ሁለቱን ቋንቋ የሚችል በክፍሉ ውስጥ አልነበረም። "ባዓሊ ሜት" አልኳት። ባሌ ሞቷል። የሞላን መርዶ እንግዲህ እንዲህ ሰማሁት፤ ለሩሲያዊት፣ በሰው አገር ቋንቋ፣ በገዛ አፌ እያስተረጎምኩ። ጋሊያ እኔን አየች፣ ጨለማውን ቴሌቪዥን አየች፣ ደግሞ እኔን አየች። ከወንበሯ ተንሸራታ መሬት ላይ አጠገቤ ተቀመጠች።

እማማ አበቡ ሲነግሩኝ ዓይኔን አላዩኝም። ሞላ የሞተው በሄደበት ዓመት ነው፤ ኤርትራ ውስጥ፣ እኔ ገና ሱዳን መጠለያ ሳለሁ። እግሩን አጥቶ የተመለሰ አንድ የአገራችን ሰው ነው ወሬውን ያመጣው፤ እሱም የደረሰው እሳቸው ወደዚህ ሊነሡ ሲሉ ነው። ይህን አገር ሳልረግጥ በፊት መበለት ነበርኩ። ቁም ሣጥኑን ለሁለት ስከፍል፣ ሽማግሎቹን ሳባርር መበለት ነበርኩ።

"ለምን?" አልኩ።

"አደራው የፈረደ ነው፣ ልጄ። መርዶ ነጋሪው እሱ ነው። ሽማግሌ ይዞ፣ በማለዳ፣ በወጉ ይነግራታል ብለን። በየዓመቱ መጣሁ ይላል፤ የመምጫ ወረቀቱ ደግሞ አያልቅለትም። ዛሬ ነገ ስንል..."

"እኔ ደግሞ ቄሳችን ይነግሯታል ብዬ" አለች ዝናሽ። "ቄሱን ስጠይቃቸው 'የሥጋ ዘመዱ እያለ እኔ ምን ብዬ' አሉኝ። ከቆየ በኋላ ደግሞ ፈራን፤ እስከ ዛሬ ምን ስትሉ ነበር ብትይንስ?"

"እስከ ዛሬ ምን ስትሉ ነበር?" አልኳት።

ተነሥቼ እማማ አበቡ ላይ ጮህኩ። አንድ ገበታ ላይ ዓይኔን እያዩ ሲበሉ እንዴት አልተናነቀዎትም አልኳቸው። ለትልቅ ሰው የማይባለውን ሁሉ አልኳቸው። "ተናንቆኛል" አሉኝ። "አንድም ቀን ሳይተናነቀኝ አልበላሁም።"

ወሬው በናሕሊኤል ፎቅ ለፎቅ ሮጠ። ሰው ቤቴ ገባ። እዚህ ያደጉት ወጣቶች የሰፈሩ ረቢ ይጠየቅ አሉ፤ ረቢው በዝናቡ መጣ። ደግ ሰው ነው፤ ቀስ ብሎ ነው የነገረኝ። ሰው ከሞተ ከሠላሳ ቀን በኋላ የደረሰ ወሬ የሩቅ ወሬ ይባላል፤ የሩቅ ወሬ የሰማ ሰው ሰባት ቀን ለቅሶ አይቀመጥም። ጫማዋን አውልቃ መሬት ላይ አንድ ሰዓት ትቀመጥ፤ ይበቃታል አለ። የኛው የቤተ እስራኤል ቄስ ደግሞ ነጭ ጥምጣማቸውን እንደጠመጠሙ ከበሩ ላይ "በአባቶቻችን ሥርዓት ሰባት ቀን ነው!" ብለው ተቆጡ። ባሌን በየትኛው ሕግ እንደማለቅስ ደጃፌ ላይ ተከራከሩ። እኔ ጫማዬን አወለቅኩ።

በእኛ ለቅሶ ሬሳ ከሌለ የሟቹ ልብስ ወይም ዕቃ መካከል ይቀመጣል፤ አልቃሽ እሱን እያየች ታለቅሳለች። "የሱ የሆነ ነገር አምጪ" አሉኝ። ምን አለኝ? በሱዳን በረሃ ያለፈ ሰው ምን ይዞ ይወጣል? ጋቢ የለም፣ መዶሻ የለም፣ ፎቶግራፍ የለም። የቁም ሣጥኑን የሱን ግማሽ ከፈትኩት፤ ባዶ ነው። መካከሉ ባዶ እንደሆነ ተለቀሰ።

አሁን የምነግራችሁን ለማንም ነግሬ አላውቅም። በዚያች አንድ ሰዓት ዓይኔን ጨፍኜ የሞላን ፊት ለማምጣት ደከምኩ። አልመጣም። የመጣልኝ የዚያ የሩሲያ ልጅ ፊት ነው፤ ጥቁርና ነጭ፣ ሲስቅ፣ ሲወድቅ። ባሌን ገፋ አድርጎ ቦታውን ያዘ። አውጥቼ ልጥለው ብታገልም እምቢ አለኝ። እሱን እያየሁ አለቀስኩ። ጋሊያ ጫማዋን አውልቃ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር፤ የሷ ሥርዓት ምን እንደሚል አላውቅም። ሰዓቱ ሲያልቅ ወንዶቹ ተነሡ፤ "እግዚአብሔር ያጽናሽ" ብለው ዣንጥላቸውን እየፈለጉ ወጡ።

አያ ፈረደ ከዚያ በኋላ ቆይቶ መጣ። በማለዳ፣ ሽማግሌ አስከትሎ ደጄን አንኳኳ። ከፍቼ አስገባኋቸው። ከበሩ እንደገባ ቆሞ ጋቢውን እያጣፋ ሲያለቅስ አየሁት፤ ፀጉሩ ሽበት ሆኗል። የሚነግረኝ ነገር አልነበረውም። ውሃ ሰጠሁት።

እማማ አበቡ ዛሬም ከኔው ጋር ናቸው። የት ይሂዱ? አጥባቸዋለሁ፣ አበላቸዋለሁ። ይቅር ብያቸዋለሁ ብላችሁ ግን እዋሻችኋለሁ። ክፋት አልነበረባቸውም፤ እሱ ነው የሚያናድደኝ፤ ክፉ ቢሆኑ ኖሮ እንኳ የምጠላው ሰው ባገኘሁ። ሊያዝኑልኝ ብለው ዕድሜዬን በሉት። እናንተ ይህን የምታነቡ፣ መርዶ የያዛችሁ ሰዎች ካላችሁ ማለዳ አትጠብቁ፤ ሽማግሌ አትጠብቁ። ወግ ደግ ነው፤ ሰውን ግን እንዲህ አድርጎ ይቀብራል። ደግሞ ተስፋ ሰውን ያኖራል የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ዝም ብዬ አልፈዋለሁ። እኔን ያኖረኝ ተስፋ ሳይሆን አለማወቅ ነበር። ማወቄ ከዚያ ወዲህ ከመኖር አልከለከለኝም፤ ለምን እንደምኖር ግን የነገረኝ የለም። ጋሊያ የፊልሙን መጨረሻ እንድናይ ደጋግማ ለመነችኝ። አላየሁትም። ልጅቷ እንዴት እንደሆነች አላውቅም፤ ማወቅም አልፈልግም።

ለቅሶ ከተቀመጥኩ በኋላ ዝናቡ አባራና ማሸጊያው ተከፈተ። ገና ከቦታዬ ስቆም የፈረቃው ኃላፊ አንድ የሻገተ ብርቱካን አንሥቶ መጣ። "ይህን ያሳለፍሽው አንቺ ነሽ?" አለኝ። አላሳለፍኩትም። አፌ እንደ ልማዱ ለመሐላ ተከፈተ።

"ሞላ ይ..."

ጋሊያ ከጎኔ ቀና አለች። ቃሉን ዋጥኩት። ኃላፊው መልስ እየጠበቀ ቆሟል፤ ማጓጓዣው ይዞራል፤ ብርቱካኑ ይመጣል። የምምልበት ሰው ፈለግኩ፤ አንድ በአንድ አሰብኩ፤ አጣሁ።

"አዎ፤ እኔ ነኝ" አልኩት።

ከዚያን ቀን ወዲህ ምዬ አላውቅም።